የሸጡልንን ምሽት መልሰው ሲወስዱት

ሰሞኑን የቤት ኢንተርኔት የሚያቀርብልኝ ድርጅት ለደንበኞቹ በሙሉ አንድ አጭር ማስታወቂያ ልኳል። በወሩ ውስጥ ብዙ ዳታ የተጠቀሙ ቤቶች ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ፍጥነታቸው ዝቅ እንደሚደረግ፣ ይህም የሚሆነው ለሁሉም ደንበኛ «ፍትሐዊ አገልግሎት» ለመስጠት እንደሆነ፣ ከባድ ፋይል ማውረድ የፈለገ ሰውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢያደርገው እንደሚመከር ይገልጻል። ወርሃዊው ክፍያ አብሮ ዝቅ ስለማለቱ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ፈልጌ አላገኘሁም። ከግርጌው ግን ይህ ገደብ የማይመለከተው፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ሌላ ጥቅል እንዳለ ተጠቅሷል። ማስታወቂያ መላኩ ራሱ ዝም ብለው ከሚቀንሱት አቅራቢዎች የተሻለ እንደሚያደርገው እቀበላለሁ፤ ምስጋናዬ ግን እዚያው ላይ ያበቃል።

ከሁሉ በላይ ያናደደችኝ «ፍትሐዊ» የምትለው ቃል ናት፤ ከቀረቡት ማመካኛዎች ሁሉ ደካማዋም እሷው ናት። መስመር የሚጨናነቀው በአንድ ቅጽበት ከአቅሙ በላይ ዳታ ሲጫንበት ነው እንጂ በወሩ መጨረሻ ድምሩ ስለበዛ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ተኝቶ መስመሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ትልቅ ፋይል ያወረደ ሰው ማንንም አልጎዳም፤ ባያወርደው ኖሮ ያ አቅም እንደ ውሃ በጋን ተጠራቅሞ ለነገ አይቆይም ነበር። የድርጅቱ ቆጣሪ ግን ያንን ፋይል በወር ሒሳቡ ላይ ይመዘግብና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰውየው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ የቪዲዮ ጥሪ ሲያደርግ፣ ይቀጣበታል። በወሩ ጥቂት ዳታ የሚጠቀመው፣ ያንንም ጥቂት ሁልጊዜ በተጨናነቀው ሰዓት ብቻ የሚጠቀመው ጎረቤቱ ግን መጨናነቁን ከሚፈጥሩት አንዱ ሆኖ ሳለ አይነካም። ይባስ ብሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አውርዱ የሚለውን ምክር በታዛዥነት የተቀበለ ደንበኛም ያወረደው ከወር ድምሩ ስለማይቀነስለት፣ የሰማው ምክር ራሱ ወደ ቅጣቱ ይወስደዋል ማለት ነው።

ፍትሐዊነት በእርግጥ ቢፈለግ ኖሮ መንገዱ የታወቀ ነው። መስመሩ በሞላበት ቅጽበት በዚያች ቅጽበት ለሚያልፉት የዳታ ፍሰቶች ተራውን የሚያካፍል፣ መስመሩ ሲተነፍስም ገደቡን በራሱ የሚያነሣ የወረፋ አሠራር አለ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ውስጥ ገብቷል፤ በ2018 ደግሞ የኢንተርኔትን አሠራር ደረጃዎች የሚያወጣው የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል አሠራሩን በሰነድ አውጥቶታል፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። የሰዓት ገደብና የወር ቆጣሪ የሚመረጠው ሌላ መሣሪያ ስለጠፋ አይደለም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የመንገድ ምሳሌ ነው፤ ኢንተርኔት እንደ መንገድ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲወጣ መጨናነቁ አይቀርም ይሉናል። የመንገዱ ባለቤት ግን ለእያንዳንዱ መኪና በዚህን ያህል ፍጥነት ትነዳለህ ብሎ ፈርሞ በየወሩ ክፍያ አይሰበስብም፤ መንገዱ መሙላቱን በዓይኑ እያየም በማግስቱ ለአዳዲስ መኪኖች ያንኑ ቃል አይሸጥም። ምሳሌውን ከወደዱት እስከ መጨረሻው ይውሰዱት።

የእኔ ዋና ነጥብ ግን ሌላ ነው። የምሽት መጨናነቅ ድንገተኛ አደጋ አይደለም። ኬብል መቆረጥ ወይም የመብራት መጥፋት ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ምሽት ግን በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል። ሰው ከሥራ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አንዱ ፊልም ሲከፍት፣ ሌላው በሩቅ ካለ ዘመዱ ጋር በቪዲዮ ሲነጋገር፣ ተማሪው ትምህርቱን ሲያወርድ መስመሩ ሥራ እንደሚበዛበት ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የቤት ኢንተርኔት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ምሽቱን ነው፤ ቀን ቤቱ የለም፣ ሌሊት ተኝቷል። ስለዚህ ምሽቱን ብቻ ነው የነካነው፣ ቀሪው ሰዓት እንዳለ ነው የሚለው ማጽናኛ፣ ፋኖስ ሸጦ ሲመሽ ጋዙን መልሶ ቀድቶ ቀን ቀን እንደ ልብህ አብራበት እንደማለት ነው። ከ24 ሰዓት ውስጥ አራት ብቻ ናቸው የሚለው ስሌትም ያው ነው፤ እነዚያ አራት ሰዓታት ዕቃው ራሱ ናቸው፤ የቀሩት ማሸጊያው ናቸው።

አስቀድሞ የሚታወቅ መጨናነቅ ደግሞ አንድ ስም ብቻ አለው፤ ውሳኔ ይባላል። ቁጥሩን እንመልከት። ጂፖን በሚባለው፣ በብዙ ቦታ በተዘረጋው የፋይበር ቴክኖሎጂ፣ ከጣቢያው የሚነሣ አንድ መስመር ወደ ተጠቃሚው በሚወርደው አቅጣጫ 2.5 ጊጋቢት (2,500 ሜጋቢት) በሰከንድ ገደማ ይሸከማል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፋፈላል። ፎር ኬ የሚባለውን ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለማየት ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ የሚመክረው ፍጥነት 15 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። እንግዲህ ስልሳ አራቱም ቤቶች፣ አንድም ሳይቀር፣ በአንድ ምሽት በአንድ ጊዜ ፎር ኬ ፊልም ቢከፍቱ ድምሩ 960 ሜጋቢት ይሆናል፤ የመስመሩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ምስሉ እየደበዘዘ፣ ያች ክብ ምልክት እየተሽከረከረች የምታደርቀን የት ላይ በተፈጠረ ጥበት ነው? ከሠፈሩ ጣቢያ ወደ ድርጅቱ ማዕከል፣ ከማዕከሉም ወደ ሌሎች ኔትወርኮች በሚወስዱት መስመሮች ላይ፣ ማለትም ስፋታቸውን ድርጅቱ ራሱ በሚወስንባቸው፣ በገንዘብና በግዢ ትእዛዝ በሚሰፉ ቦታዎች ላይ ነው። የእነዚህ መስመሮች ሙላት በየደቂቃው በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ ይታያል። ከዓመት በፊት ግራፉ ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ያየ ሰው አለ፤ አይቶም መስመሩን ከማስፋት ይልቅ አዲስ ደንበኛ መመዝገቡን የመረጠ ሰው አለ።

በአሮጌ የስልክ ሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ የሚያገለግሉ አቅራቢዎች የመጨረሻው መስመር ራሱ ጠባብ ሊሆንባቸው እንደሚችል አልክድም። አንድን መስመር ለብዙ ደንበኛ ማካፈልም በራሱ ነውር አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሉ ፍጥነቱን ስለማይጠቀምበት ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህ ግምት ላይ ነው። ነውሩ ግምቱ በየምሽቱ እየከሸፈ መሆኑ እየታወቀ መሸጡን መቀጠልና የክሽፈቱን ሒሳብ አብዝተሃል ተብሎ ለሚወቀሰው ደንበኛ ማስተላለፍ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የውጭው መስመር ውድ ነው የሚለውም መከራከሪያ ዕድሜው አልፎበታል። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ፊልሞቹን የያዙ ሰርቨሮች ብዙ ተመልካች ላላቸው አቅራቢዎች በነጻ እየሰጠ በራሳቸው ማዕከል ውስጥ እንዲያስቀምጧቸው ሲያደርግ ቆይቷል፤ ጉግልም ለዩቲዩብ ተመሳሳይ አሠራር አለው። የኔትፍሊክስ ሰርቨሮች አዳዲስ ፊልሞችን የሚሞሉት መስመር ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያሉትን ሰርቨሮች ያስቀመጠ አቅራቢ ዘንድ የምሽቱ ፊልም በአብዛኛው ባሕር ተሻግሮ አይመጣም፤ እዚያው ጓዳው ውስጥ ነው ያለው።

ሁሉን የሚያጋልጠው ግን ከግርጌ የተጻፈው ውድ ጥቅል ነው። መስመሩ በእርግጥ ከሞላ፣ ተጨማሪ የሚከፍለው ደንበኛ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስመር ላይ ከየት መጥቶ ነው ፍጥነት የሚሰጠው? ወይ አቅሙ አለና ተደብቋል፣ ወይም ከእኔ ተወስዶ ለእሱ ይሰጣል። ሁለቱም ፍትሐዊነት አይባሉም።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ውሉ ላይ «እስከ» የምትል ትንሽ ቃል ስላለች ነው። እስከ 100 ሜጋቢት ሲባል ገዢው መቶውን ያያል፤ ሻጩ «እስከ»ን ይይዛል፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ አንድ አቅራቢ ከደንበኞቹ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ የሚያገኙትን ፍጥነት በማስታወቂያ መጥራት ይችል ነበር። ከዚያ ዓመት ግንቦት ወር ጀምሮ ግን የሚጠራው ቁጥር ተጠቃሚ በሚበዛበት ሰዓት፣ ማለትም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ቢያንስ ግማሾቹ ደንበኞች የሚያገኙት እንዲሆን ተደንግጓል። የአውስትራሊያ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽንም አቅራቢዎች ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ያለውን የተለመደ ፍጥነታቸውን እንዲናገሩ መመሪያ አውጥቷል። ምሽቱን መለካትም ሆነ በምሽቱ ቁጥር መሸጥ ይቻላል ማለት ነው።

እመኑን፣ ፍጥነት የምንቀንሰው መጨናነቅ ሲኖር ብቻ ነው የሚሉንን ደግሞ ከዚህ በፊት ሰምተናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው የኢንተርኔት አቅራቢ ኮምካስት በቢትቶረንት ፋይል የሚለዋወጡ ደንበኞቹን ያደናቅፋል ሲባል አስተባበለ። የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች የመጽሐፍ ቅዱስን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዚያ መንገድ ለመለዋወጥ ሞክረው መደናቀፉን አረጋገጡ፤ በዓመቱ የፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን ድርጊቱ መስመር ባልተጨናነቀበት ሰዓትም ይፈጸም እንደነበር ገለጸ። ውሳኔው በ2010 ሥልጣንን በሚመለከት ምክንያት በፍርድ ቤት ቢሻርም፣ የተገለጠው ነገር አልተሻረም። ቤቱ የተቀመጠ ደንበኛ መስመሩ በራሱ ሞልቶ ይሁን ወይም አንድ ሰው ቁልፍ አዙሮበት መለየት አይችልም።

ስለዚህ ለአቅራቢዬ ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ላክሁ፦ የእኔን መስመር ስንት ቤቶች ይጋሩታል፣ ከሠፈራችን ጣቢያ የሚወጣው መስመር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ምን ያህል ይሞላል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሰፋውስ መቼ ነው? ከሦስት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ራውተሬን ከሶኬቱ ነቅዬ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ፣ መልሼ እንድሰካው በአክብሮት ይጠይቀኛል።