ያ ጫካ የገባው ልጅ ተሻለው ወይ?

እማዬ ከአዲስ አበባ ስትደውል መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች። ቀጥላ ስለ ብርዱ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ ታደርግና፣ «ያ ጫካ የገባው ልጅ ተሻለው ወይ?» ትለኛለች።

ዘመድ እንዳይመስላችሁ። ዘፋኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ማታ ማታ ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ ጢሙ ባሕታዊ ያስመሰለው ተሳፋሪ የኋላ ወንበር ላይ ሲዲ ረስቶ ወረደ። ቦን ኢቨር ይላል። ዘፋኙ ጀስቲን ቨርነን ይባላል። ታሪኩን በኋላ ነው ያነበብኩት። ባንዱ ፈረሰበት፣ ከፍቅረኛው ተለያየ፣ በዚያ ላይ ታመመ። ሁሉም ሲደራረብበት ዊስኮንሲን ውስጥ ወዳለችው የአባቱ የአደን ጎጆ ሄዶ የበረዶውን ወራት ብቻውን አሳለፈ። ሲወጣ አልበም ይዞ ወጣ። ስሙንም ያወጣው ፈረንሳዮች «መልካም ክረምት» ከሚሉት ነው። እኛ አገር ትምህርት ሲዘጋ መምህራን የሚሉን ነገር። የዊስኮንሲንን በረዶ መልካም ያለ ሰው ምን ያህል እንደተጎዳ አስቡት።

እማዬ ያን ሰሞን ለልጄ ክርስትና መጥታ ነበር። መኪና ውስጥ ሰማችው። ሰውየው በዚያ በቀጭኑ ድምፁ ያንጎራጉራል፣ እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«ይሄ ሰው ማን ሞቶበት ነው?»

«ማንም አልሞተበትም እማዬ። ፍቅረኛው ትታው ጫካ ገብቶ ነው።»

«ጫካ ገባ? ለሴት ብሎ ሸፈተ?»

ከንፈሯን መጠጠች። ቤት እስክንደርስ ዝም አለች። መኪናውን ሳቆም ግን፣ «እናት አለው?» አለችኝ።

ይህን ሙዚቃ ፈረንጆቹ ኢንዲ ፎክ ይሉታል። አንድ ጊታር፣ አንድ ሐዘን፣ ብዙ ጢም። ኦልት ካንትሪ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ነው። ካንትሪ ባርኔጣውን ቤቱ ጥሎ ከሮክ ጋር ሲያመሽ ማለት ነው። ትዝታ እየሰማ ያደገ ሰው ለሁለቱም ባዕድ አይደለም። እኔ በሳምንት ውስጥ ለከፈኝ። ባለቤቴ ግን እስከዛሬ አልገባትም። «ሐዘን በነፃ ሞልቶ አንተ በገንዘብ ትገዛለህ?» ትላለች።

ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ መቆፈር ጀመርኩ። አንክል ቱፔሎ የሚባል የኢሊኖይ ባንድ አገኘሁ። በ1990 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፣ በ1994 ተጣልተው ፈረሰ። ከሁለቱ ዘፋኞቹ ጄይ ፋራር ሰን ቮልት የሚባል ባንድ መሠረተ፣ ጄፍ ትዊዲ ደግሞ ዊልኮን። ደጋፊው እንደ እድር ለሁለት ተከፈለ። እኔ የደረስኩት ጠቡ ካለቀ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ቢሆንም ወገን ያዝኩ። ሐበሻ ነኝ፣ ጠብ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መጀመሪያ ለፋራር አደላሁ። ድምፁ እርሻው የተወረሰበት ገበሬ ድምፅ ነው። ኋላ የዊልኮን የ2002 አልበም ስሰማ ወገን ቀየርኩ።

የዚያ አልበም ነገር ራሱን የቻለ ቀልድ ነው። ሪፕራይዝ የተባለው አሳታሚ አልፈልገውም ብሎ መለሰው። ባንዱ ሥራውን ይዞ ወጣና በድረ ገጹ በነፃ አሰማ። ከዚያ ኖንሳች ገዝቶ አሳተመው፣ ተሸጠም። ታዲያ ሁለቱም አሳታሚዎች ዋርነር የሚባለው የአንድ ትልቅ ኩባንያ ልጆች ናቸው። አንድ ቤት ለአንድ አልበም ሁለቴ ከፈለ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሙዚቃዬ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ሰው ይቀጥራሉ?»

ከዚያ በኋላ ነው ክፋቴን ያወቅሁት። ትዊዲ በ2004 ከሕመም ማስታገሻ ሱስ ለመላቀቅ ሕክምና ገባ። ዳነ። በ2007 ረጋ ያለ፣ ጸሐይ የሞቀ የሚመስል አልበም አወጣ። አንድ ሐያሲ «የአባቶች ሮክ» አይነት ነው ብሎ ጻፈበት። እኔም ገዝቼ ሰማሁትና ተቀየምኩ። ሰውየው እኮ ድኗል! ከልጆቹ ጋር ቁርስ ይበላል! ምነው ትንሽ ቢቆይ አልኩ። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ከሐኪም ፊት ቢቀርብ የሚታከመው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ዛሬ ሁለት ልጆችና አንድ የወገብ ሕመም አለኝ፤ ያንን አልበም ዕቃ እያጠብኩ እሰማዋለሁ። እንዴት ያለ አልበም መሰላችሁ።

ሱፍያን ስቲቨንስን ግን እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም። ለ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለእያንዳንዳቸው አንድ አልበም እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። በ2003 ሚሺጋን፣ በ2005 ኢሊኖይ። ሁለቱም ግሩም ናቸው። ከዚያ ጭጭ። ኋላ ነገሩ ቀልድ ነበር አለ። ይህ እኮ ሁለት ዕጣ ወጥቶ ዳኛው የተሰወረበት ዕቁብ ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

ስለ ኮንሰርት ብዙ አላወራም። አንዴ ብቻ፣ ስሙን የማልጠራውን አንድ ባንድ ላሳየው ብዬ ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። እስክስታ የሚወርድበት መስሎት ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ወንበር የለም፣ ቆመን ነው። ዘፋኙ ወጣ። ሰላም ሳይለን ጊታሩን ይቃኝ ጀመር። ቃኘ፣ ቃኘ፣ ዘፈነ። እንደገና ቃኘ።

ጓደኛዬ ጆሮዬ ሥር መጥቶ፣ «ገና ሳውንድ ቼክ ላይ ናቸው?» አለኝ።

«ሦስተኛው ዘፈን ነው።»

«አዝማሪ ቤት ቢሆን እስካሁን ሁለታችንንም ሰድቦ ገንዘባችንን ተቀብሎ ነበር።»

ከፊታችን የቆመች ልጅ ዞራ «እሽሽ!» አለችን። አምስተኛው ዘፈን ላይ ጓደኛዬ አንጀቱ ተንሰፈሰፈ መሰለኝ፣ 20 ዶላር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ሊለጥፍለት ወደ መድረኩ ገሰገሰ። ጥበቃው ክንዱን ይዞ መለሰው። እኔ የማላውቀው ሰው መስዬ ጣሪያውን አየሁ። «ልጁ እኮ ተቸግሯል» ይላል እስከዛሬ።

ወደ ጫካው ልጅ ልመለስ። በ2012 ግራሚ «ምርጥ አዲስ አርቲስት» ብሎ ሸለመው። እኔ አራት ዓመት አልቅሼበት አዲስ ነው ተባለ። በ2016 ጭራሽ ድምፁን በማሽን አስገብቶ፣ የዘፈኖቹን ርዕስ በቁጥርና በምልክት ሞልቶ መጣ። የዋይፋይ ፓስወርድ ነው የሚመስለው። ተወዳጅ ዘፈኔ የቱ እንደሆነ ለሰው መናገር አቃተኝ፤ ማንበብ አልችልማ። እማዬ ስትደውል፣ «ብሶበታል» አልኳት።

ከዚያ ጥቅምት 2024 ላይ ሦስት ዘፈን ለቀቀ። ጊታር። ጸጸት። የድሮው ድምፅ። ጮቤ ረገጥኩ።

«ተመለሰ!» አልኳት ባለቤቴን።

«ማን?»

«ሐዘኑ!»

ደስታዬ ስድስት ወር ቆየ። ሚያዝያ 2025 የአልበሙ ቀሪ ክፍል ወጣ። ፍቅር ነው። ብርሃን ነው። ሰውየው ደስ ብሎታል። ባለቤቴ ከኩሽና ድምፁን ጨምርልኝ አለች፤ በ17 ዓመት ውስጥ ብላኝ አታውቅም። እኔ ግማሹ ላይ ጠፋሁ።

እሑድ እማዬ ደወለች። ስለ ልጆቹ ጠየቀች። ስለ ብርዱ ጠየቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተሽሎታል እማዬ» አልኩ። «ፍቅርም ይዞታል መሰለኝ።»

እልልታዋ ስልኩን ሰነጠቀው። ከጀርባ ጎረቤቷን ስትጠራ ሰማሁ። «ያ የነገርኩሽ ልጅ ከጫካ ወጣ!»

«ምነው እማዬ፣ ይሄን ያህል?»

«ለቁልቢው ገብርኤል ተስዬለት ነበራ! ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ።»

ዝም አልኩ።

«በል ብሩን ቶሎ ላክልኝ» አለች። «ጃንጥላ ተወዷል።»