ካሳውስ እሺ፣ ከማን ኪስ?

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ አለ፤ ጸሐፊው አፍሪካ ነጻ ስትወጣ ከሥራ የተሰናበቱት የእንግሊዝ ሹማምንት ካሳና ጡረታ ይገባቸው ነበር ይላል። እሺ፣ ይገባቸው። ሰው ናቸው፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ደሞ የቀጠራቸው መንግሥት ቃል ገብቶላቸዋል። ግን ቃሉን የገባው ለንደን ከሆነ ዳሬሰላም ያለው ገበሬ ምን ቤት ነው? ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ክፍል) እ.ኤ.አ. በ1961 ነጻ ስትወጣ የእነዚህን ሰዎች ጡረታ ከነዕዳው አብራ ተረከበች፣ ወይ ነጻነት! የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በ1968 ሹማምንቱ ከነጻነት በፊት ላገለገሉበት ጊዜ አልከፍልም ሲሉ እንግሊዝ ተቆጥታ እርዳታዋን አቋረጠች። በኋላ ግን ያንኑ ሸክም ራሷ ወሰደች፣ በ1973 ሕግም አወጣችለት። ታዲያ መጀመሪያውኑ ምን ነካት? እዚያው ቢሮ በትንሽ ደመወዝ ሲላላክ የኖረው አፍሪካዊ የቢሮ ሠራተኛስ? ስለሱ ጽሑፉ አንድ መስመር የለውም።