አልነካሁም

ማክሰኞ ማታ ነው። ላፕቶፔን ከፍቼ ገጹን ላወርድ ሁለት ጣቴን ሳብኩ። ገጹ ወጣ። ደገምኩ። አሁንም ወጣ። ሪፖርቱ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል፤ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ እንደ ለማጅ ሹፌር ወደፊት ስል ወደኋላ እሄዳለሁ።

«ይሄን ማነው የነካው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሚስቴ ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች። ልጄ ድንገት የቤት ሥራው ትዝ አለው። የእህቴ ልጅ፣ «እኔማ ካርቱን ብቻ ነው ያየሁት፣ ጋሼ» አለች። አክስቴ ሳይጠየቁ ገቡበት።

«እኔ አቧራውን ነው የጠረግኩት እንጂ አልነካሁም።»

«በምን ጠረጉት?»

«በእርጥብ ጨርቅ ነዋ!»

«ክፍት እያለ?»

«ታዲያ ተዘግቶ ውስጡ እንዴት ይጠረጋል?»

መልስ የለኝም። ግን ታችፓድ፣ ያ ከፊደሎቹ በታች ጣት የምንስብበት ሰሌዳ፣ ሲጫኑት አይደለም የሚሰማው። ጣት ሲጠጋው ላዩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ይለወጣል፤ እሱን ነው የሚያነበው። እርጥበት ሲነካው ግራ ይገባዋል። የአክስቴ ጨርቅ ለእሱ ከየት መጣ የማይባል የጣት መንጋ ነው።

ጣትም ይቆጥራል። በሁለት ጣት ገጽ ይወጣል ይወርዳል። ዊንዶውስ ላይ በሦስት ጣት ወደታች ከሳቡ የከፈቱት ሁሉ ድርግም ይላል። በአራት ጣት ወደጎን ካሉት ደግሞ ሌላ ባዶ ዴስክቶፕ ላይ ሊጥልዎት ይችላል። አምና ሥራዬ ጠፋ ብዬ ግማሽ ሌሊት ያዘንኩት በዚሁ ነው። ሥራዬ ጎረቤት ነበር።

በማግስቱ ቡና ላይ ጉዳዩ ተነሳ። ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ ያልተመረመረ በሽታ የለም። በአቦል «ቫይረስ ነው» ተባለ። በቶና «ፎርማት ይደረግ» ተባለ፤ ያለው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጀመር ማለት ነው። ፎርማት እኛ ሰፈር እንደ ዳማከሴ ነው፤ ለማያውቁት ሕመም ሁሉ ይታዘዛል። በረካ ላይ ጎረቤታችን ሀጂ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ሳይብስበት ሽጠው» አሉኝ።

አልሸጥኩም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ታችፓድ የሚለውን ከፈትኩ። የገጹ አቅጣጫ ተገልብጦ ነበር፤ አንዲት ምርጫ ናት፣ መለስኳት። ለሦስትና ለአራት ጣት የተሰጠውን ሥራ ሁሉ «ምንም» አደረግኩ። ስሜቱንም ዝቅ አደረግኩለት፤ ስጽፍ መዳፌ በነካው ቁጥር እንዳይደነግጥ።

ስክሪኑ ላይ ጣቴን የሚከተለው ቀስት ግን በራሱ ጊዜ መዝለሉን አልተወም። የሚዘለው ደግሞ ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ጨዋ ይሆናል (መብራት መሄዱን ያመሰገንኩት ያኔ ብቻ ነው)። የጅማ በርጩማ በሦስት እግሩ ነው የሚቆመው። የቻርጀሬም መሰኪያ ሦስት እግር አለው፤ ሦስተኛው ወደ መሬት መስመር ነው። እኔ ግን በርካሽ አዳፕተር በሁለት እግር አቁሜው ኖሯል። መሬት ያልያዘ ቻርጀር ታችፓዱን ይረብሻል። መሬት የሚይዝ ማከፋፈያ ገዛሁ፤ ቀስቱም አደብ ገዛ።

ቀሪው ጣጣ የሰው ነው። ቤተሰብን ፎርማት አድርጉ የሚል እስካሁን አልመጣም። ስለዚህ ለልጆቹ አንድ፣ ለአክስቴ አንድ አካውንት ከፈትኩ። የታችፓዱ ምርጫ በየአካውንቱ ለብቻ ስለሚቀመጥ፣ እነሱ የራሳቸውን ቢገለብጡ የኔን አይነካም። የኔን በይለፍ ቃል ቆለፍኩ። ስነሳም የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል እጫናለሁ፤ ውሃ ልጠጣ እንኳ ብሄድ። ሚስቴ፣ «ባንክ ነው እንዴ የከፈትከው?» አለችኝ።

አክስቴ አካውንታቸውን ወደዱት። ፊደሉን በሁለት ጣት እየለጠጡ የእንጀራ ምጣድ አሳክለው ያነባሉ። ሐሙስ ዕለት እሳቸው ገበያ ሲሄዱ፣ ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ልይ ብዬ ገባሁበት። ፊደሉ ዓይኔን አስጨነቀኝና ትንሽ ሰብሰብ አደረግኩት።

ማታ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ይሄን ማነው የነካው?»

ተነስቼ ሽሮውን ማማሰል ጀመርኩ።