የኩክ ነገር

ዐይኑን ቢያሳክከው እጁን ሳይታጠብ ለመንካት የሚሰጋ፣ ጥርሱ ቢነቃነቅ ሐኪም ሳያማክር የማይነቅል ጠንቃቃ ሰው፣ ጆሮውን ያሳከከው ዕለት ግን በአንድ ጊዜ ሐኪም ይሆናል። ምርመራውን ራሱ ያደርጋል፤ መሣሪያውን ራሱ ይመርጣል፤ ሕክምናውንም ሰው በተሰበሰበበት ያከናውናል። መሣሪያ ስል የክብሪት እንጨት፣ የፀጉር ሽቦ፣ የመኪና ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ሁሉም ከታጣ ደግሞ ለዚሁ አገልግሎት ጥፍሯ እንዲያድግ የተፈቀደላት ትንሿ ጣት ማለቴ ነው።

ስብሰባ ላይ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሪፖርት እየተነበበ ሳለ ከፊት መስመር የተቀመጡት የተከበሩ ሰው የእስክሪብቷቸውን ክዳን ነቅለው ቀጭኑን ማንጠልጠያ ወደ ጆሯቸው ይሰዱታል። መጀመሪያ በዝግታ ያዞራሉ፤ ቀጥሎ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ አንድ ዐይናቸው ይጨፈናል፤ አፋቸው ወደ ጎን ይሸሻል፤ የትኛውም ሪፖርት ሊያመጣው የማይችል እርካታ በፊታቸው ላይ ይነበባል። ከዚያም ክዳኑን አውጥተው ወደ ብርሃን እያዞሩ ይመረምሩና፣ የተገኘውን በወንበሩ ሥር ጠርገው፣ ክዳኑን በሥነ ሥርዓት ወደ ቦታው ይመልሱታል። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የግል ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ነገር ግን የስም መመዝገቢያው ወረቀት ሲዞር «እስክሪብቶ የያዘ አለ?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ እሳቸውም ደግ ሰው ናቸው። ተቀባዩ ደግሞ ሐሳብ ሲይዘው ክዳን የመንከስ ልማድ አለበት።

የሚያሳዝነው ይህ ሁሉ ዘመቻ ምንም ባላጠፋ ነገር ላይ መከፈቱ ነው። ኩክ ቆሻሻ አይደለም። በጆሮ ቦይ ውጫዊ ክፍል የሚገኙ ዕጢዎች የሚያመነጩት ቅባት ከረገፈ ቆዳ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ጠባቂ ነው፤ ውኃ ያግዳል፣ አቧራና ትንኝ ይይዛል፣ በመጠኑ አሲዳማ በመሆኑም ባክቴሪያና ፈንገስ እንደልባቸው እንዳይራቡ ይከላከላል። ያውም መውጫውን ራሱ ያውቃል። ከታምቡሩ አጠገብ ያለው ቆዳ፣ ጥፍር በሚያድግበት ዓይነት ዝግታ፣ ወደ ውጭ ይጓዛል፤ ኩኩንም አብሮ ይዞት ይመጣል። በምናኝክበትና በምናወራበት ጊዜ የመንጋጋችን እንቅስቃሴ ይህን ጉዞ ያግዘዋል፤ ስለዚህ ሐሜት እንኳ ለጆሮ ንጽሕና አስተዋፅኦ አላት ማለት ነው፤ እርግጥ ተጠቃሚው ሐሜተኛው ብቻ ነው።

የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ኩኩ ደጃፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እኛ እንጨት ይዘን እንጠብቀዋለን። ጫፉ ላይ ጥቂት ስናገኝ ድል ያደረግን ይመስለናል፤ የቀረውን ግን እንደ ዘነዘና እየወቀጥን ወደ ታምቡሩ እንጠቀጥቀዋለን። የተፋቀው ቆዳ ደግሞ ቅባቱን ስለሚያጣ ይደርቃል፤ የደረቀ ቆዳ ያሳክካል፤ ያሳከከ ጆሮም እንደገና ይጎረጎራል። ብዙ ሰው ይህን ዙር የንጽሕና ልማድ ብሎ ይጠራዋል። ጆሮ በበኩሉ ተቃውሞውን ከማሰማት አልቦዘነም፤ ቬገስ የተባለው ነርቭ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ጆሮ ቦይ ስለሚደርስ አንዳንዱ ሰው ጆሮውን በነካ ቁጥር ያስለዋል። ሳል የያዘው ይመስለውና ሽሮፕ ይገዛል።

ጥጥ የተጠቀለለባት ዘንግ ከክብሪት እንጨት የሠለጠነች ትመስላለች። ታሪኳ እንደሚነገረው ሊዮ ጌርስተንዛንግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1923 ሚስቱ በጥርስ መጎርጎሪያ ላይ ጥጥ ጠቅልላ ሕፃናቸውን ስታጸዳ አይቶ ነው ኋላ ኪው ቲፕስ የተባለውን ምርት የጀመረው። ዛሬ በእነዚህ ዘንጎች ማሸጊያ ላይ «ወደ ጆሮ ቦይ አታስገቡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ታትሞ ይገኛል። ገዢ ሁሉ ምን ሊያደርግበት እንደሚገዛው እየታወቀ፣ ያንኑ አታድርግ ተብሎ የሚሸጥለት ሌላ ዕቃ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሐኪሞች ምክራቸውን «ከክርንህ ያነሰ ነገር ጆሮህ ውስጥ አታስገባ» በሚል ቀልድ ቢያሳጥሩትም፣ ሰው ክርኑን ሞክሮ አልገባ ሲለው ወደ ዘንጉ ይመለሳል።

በዚህ ሁኔታ ሲጠቀጠቅ የኖረው ኩክ አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ገላ ከታጠቡ በኋላ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና፣ ቦዩን ድፍን ያደርገዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የተደፈነበት ሰው የጆሮውን ችግር የሚያውቀው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው። በእሱ ግምት ጥፋቱ የሌሎች ነው፤ የዘንድሮ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም፤ ስልኩ ተበላሽቷል፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ደክሟል። ጨዋታ ላይ ሰው ሲስቅ እሱ አንድ አፍታ ዘግይቶ ይስቃል፤ የሰማው ቀልዱን ሳይሆን ሳቁን ነውና። «እናትህ እንዴት ናቸው?» ሲባል «ከሐሙስ በኋላ ይሻላል» ብሎ የሚመልሰውም በሽታውን በማስተባበል ላይ ሳለ ነው። የራሱ ድምፅ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ጎልቶ ስለሚሰማው፣ በጉባኤው ውስጥ በትክክል የሚናገረው እሱ ብቻ እንደሆነ አይጠራጠርም።

ሕመሙን አምኖ ሲቀበል አማካሪ ይበዛለታል። ከአማካሪዎቹ አንዷ የጆሮ ሻማ ይዛ ትመጣለች። ይህ በሰም የተነከረ ክፍት የጨርቅ ቱቦ ነው፤ ታማሚው በጎኑ ተኝቶ አንዱ ጫፍ ጆሮው ላይ ይደረግና በሌላኛው ጫፍ እሳት ይለኮሳል፤ ነበልባሉ ኩኩን ስቦ ያወጣል ይባላል። ሲያበቃ ጉማጁ ይከፈትና ውስጡ ያለው ቡናማ ነገር ለቤተ ዘመድ ይታያል፤ ሁሉም ይደነቃል። ይኸው ሻማ በባዶ ብርጭቆ ላይ ቢነድ ያንኑ ቡናማ ነገር ያወጣል፤ ብርጭቆ ደግሞ ኩክ የለውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ስለ ቃጠሎና ስለ ታምቡር ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2010 ማስጠንቀቁ አማካሪዋን አላሳሰባትም፤ የሚነደው ጆሮ የሷ አይደለም።

በመጨረሻ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ሐኪሙ ኦቶስኮፕ በተባለው የጆሮ መመልከቻ መሣሪያ ካየ በኋላ መጀመሪያ የሚያዘው የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ለጥቂት ቀናት በጎን ተኝቶ የወይራ ዘይት ወይም ኩክ የሚያለሰልስ ጠብታ ማድረግ። አንዳንዱ ኩክ በዚህ ብቻ ተለሳልሶ ይወጣል። ካልወጣ እጥበት ይከተላል። ባለሙያው የጆሮውን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ቦዩን ያቀናና፣ ውኃውን በልኩ ግፊት ከቦዩ ግድግዳ ጋር አስታኮ ይለቅቃል፤ ታካሚው አንገቱ ሥር ሳህን ይዞ ይጠብቃል።

ውኃው የሰውነት ሙቀት ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ቤቱ ይዞራል። ይህን ነገር በቁም ነገር ያየው ሮበርት ባራኒ የተባለ የቪየና ሐኪም ነበር። የታካሚዎቹን ጆሮ ሲያጥብ ቀዝቃዛ ውኃ ዐይናቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሙቅ ውኃ ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንደሚያንቀጠቅጠው አስተዋለ፤ ከዚያም ተነሥቶ የውስጠኛው ጆሮ የሚዛን መጠበቂያ እንዴት እንደሚሠራ አሳየ፤ የእ.ኤ.አ. 1914ን የሕክምና ኖቤልም አገኘ። ሽልማቱ ሲታወጅ እሱ በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር። እኛ ያንኑ ቀዳዳ ዕድሜ ልካችንን ስንጎረጉር ኖረን ያገኘነው ማሳከክ ብቻ ነው።

ታምቡሩ የተቀደደ ወይም ጆሮው ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ግን በውኃ አይታጠብም፤ ልጅ ጆሮው ውስጥ ባቄላ ከትቶም ከሆነ ውኃ ባቄላውን ከማሳበጥ በቀር አይፈይድም። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ በቀጭን ቱቦ ይመጥጣል፤ ወይም በትንሽ ቀለበትና መንጠቆ ይለቅመዋል። መምጠጫው ጆሮ ውስጥ ሲንሿሿ ለታካሚው አውሎ ነፋስ ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ያልቃል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሲንኮሻኮሽ፣ የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል።

ሰውየው ግን ሰዓቱን አልሰማም፤ ዐይኑ ሳህኑ ላይ ነው። «ይሄ ሁሉ ከእኔ ነው?» ይላል፣ በድንጋጤ መካከል በግልጽ ኩራት። ሐኪሙን አስፈቅዶ ፎቶ ያነሣል፤ ማታውኑ ለወዳጆቹ ይልካል፤ ያላየ ከተገኘ ስልኩን አውጥቶ ያሳያል። ያየ ሁሉ ፊቱን አጨማዶ «ኧረ ባክህ፣ አንሣልኝ!» ይላል፤ ስልኩን ግን አይመልስለትም፤ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያጎላ፣ በሌላው እጁ ትንሽ ጣት የራሱን ጆሮ መነካካት ይጀምራል።