ሆቴሉን ትታችሁ ወደ ሂርማታ ሂዱ

ጅማ ላይ የት እንደሚበላ የጻፋችሁት ጽሑፍ ቆንጆ ነው፤ ግን ብሉባቸው ያላችኋቸው ሁሉ ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው። የከተማው ሰው እኮ ምሳውን እዚያ አይበላም! ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ የጅማው ገበያ ሂርማታ ሂዱ። ገበያተኛው የሞላበት ቤት ካያችሁ ሳታቅማሙ ግቡ። ጥብሱ በሸክላ እየተንጨረጨረ፣ ቃሪያው ከላይ ጣል ተደርጎበት ይመጣል። ለእንግዳ አንድ ነገር ልጨምር፦ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ በሩ ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል አለ፣ አይታችሁ ግቡ። ክትፎ ካማራችሁ ከቆጮ ጋር የሚያቀርቡትን ጠይቁ። ቡና መንገድ ዳር፣ ከጀበና ጠጡ። የቡና አገር መጥቶ ማኪያቶ የሚያዝ ሰው በበኩሌ አይገባኝም።