«ልጆቹን እዪልኝ» በሁለት ምስክር

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሳይደውል የሚመጣ ሰው ብርቅ ነው። ቡና ልትጠራኝ መስሎኝ ነጠላዬን ሁሉ አነሳሁ። ለካ ወረቀት ይዛ ነው። «እኔንም ከያዙኝ ልጆቹን ትወስጃቸዋለሽ? እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» አለችኝ።

ባሏ በየዓመቱ ኢሚግሬሽን እየሄደ ይፈርም ነበር። ዘንድሮም ሊፈርም ሄደ፤ በዚያው ቀረ። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ወንጀል አይደለምና መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። ሰርቆ ቢሆን ኖሮ በነፃ ያቆሙለት ነበር! ከወራት በኋላ ቦሌ ወረደ። እሷም የመኖሪያ ወረቀት የላትም።

እናቴ ለቅሶ ስትሄድ በአጥር በኩል «ልጆቹን እዪልኝ» ትል ነበር፤ አለቀ። ሦስት ቀን ብትቆይ ጎረቤት ያበላናል፣ ካጠፋንም ይገርፈናል። ሜሪላንድ ግን ለዚያችው ለ«እዪልኝ» ሕግና ፎርም አላት። ሁለት ምስክር ትፈልጋለች። እናትየው ከተያዘች ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ማመልከት አለብኝ።

ምስክር ፍለጋው ነው ያንገበገበኝ። አንዱ «ስሜ እንዲገባ አልፈልግም» አለኝ። ዜግነት ያለው ሰው እኮ ነው! ሌላዋ ቡናዋን ፉት እያለች «መቼም ዝም ብለው አይወስዱም፤ የሆነ ነገር ሠርቶ ይሆናል» አለች። ይህቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እሷ በቱሪስት ቪዛ ገብታ ስንት ዓመት ተደብቃ እንደኖረች... ልተወው።

አገር ቤት ያለውም አልተሻለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ጠርዛ ስትልክ አዲስ አበባ ነበርኩ። አለቀስን፣ ብርድ ልብስ አዋጣን። ሳምንት ሳይሞላ «ምን ይዛ መጣች?» ተጀመረ። አሁን በጎረቤቴ ባልም ያው ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት አሜሪካ ኖሮ በአንድ ቦርሳ?» ይሉታል አሉ። በየበዓሉ ሲልክላቸው የኖረ ሰው! ዛሬ ሚስቱ ከፓርኪንግ ደመወዟ ቀንሳ ትልክለታለች።

ትልቁ ልጃቸው 9 ዓመቱ ነው፤ እዚሁ የተወለደ ዜጋ። «እሱ አባቱን ያመጣው የለ!» ይላሉ አዋቂ ነን ባዮች። አዎ፣ 21 ሲሞላው ያመለክታል። እስከዚያ አባቱ ሒሳብ በቴሌግራም ያስጠናዋል። እዚህ ማታ ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው፤ ሰውዬው ጋቢውን ተከናንቦ ክፍልፋይ ያስረዳል።

በመጨረሻ ሁለት ምስክር ከቤተ ክርስቲያን አገኘሁ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስንፈርም ልጁ ቆሞ ያየን ነበር።

«አንቺ ጋ ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» አለኝ።

«ሁለት ተኩል።»

«እማዬ ሦስት ሰዓት ነው የምትለን።»

ሦስት ሰዓት ላይ ተስማማን።