ማስተካከያ፦ ሆርሞንና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብሮ ስለመውሰድ

ለደሴና ለኮምቦልቻ አንባቢዎች ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «ኢስትራዳዮል (የሴት ሆርሞን) የምትወስድ ትራንስጀንደር ሴት (ስትወለድ ወንድ የተባለች፣ ራሷን ሴት የምትል) የኤች አይ ቪ መድኃኒት ስትጀምር ሆርሞኑን ታቁም» የሚለው ይታረም። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር ያለበት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠው ክኒን ከኢስትራዳዮል ጋር ይስማማል። በደም ውስጥ ያለውን ሆርሞን የሚቀንሰው ኤፋቪረንዝ የተባለው ሌላ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው፤ ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ደግሞም «ሆርሞን አቁሚ» የተባለች ሴት ብዙ ጊዜ የምትተወው ክሊኒኩን ነው።

ከቫይረሱ ነፃ ለሆነች የሚሰጠው መከላከያ ክኒን፣ ፕሬፕ፣ በየቀኑ 1 ይዋጣል። ከወሲብ በፊት 2፣ ከዚያ በየ24 ሰዓቱ 1 እና 1 የሚባለው አወሳሰድ ኢስትራዳዮል ለምትወስድ አይመከርም። የወንድ ሆርሞንን የሚያግደው ስፒሮኖላክቶን ከቴኖፎቪር ጋር ከተወሰደ ኩላሊትና በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይመርመር።